አሥራ ስድስተኛው ስም

ውድ ፅናት፣

እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። እናትሽ ግን ትናንት ጠርተውኝ፣ “ደህና ነን ብለህ እንዳትጽፍ፤ እኛ ደህና የምንሆነው እሷ ደህና መሆኗን ስንሰማ ነው” ስላሉኝ ትቼዋለሁ።

ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል። ከሰሞኑ አንድ ጠዋት ስልኬን ይዤ አሸተን ተራራ ወገብ ድረስ ወጣሁ፤ ከፍ ካልኩ ምናልባት ያገኝልኛል ብዬ። ከተማው በሙሉ ደመና ውስጥ ገብቶ ነበር። የቤቶቹ ጣሪያ እንኳ አይታይም፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ከነጩ ውስጥ እየመጣ ይሰማል። እኔ ከደመናው በላይ፣ አገሬ ከደመናው በታች፣ ስልኬ ደግሞ ከሁለታችንም ጋር የለም። እዚያ ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ በቃሌ ስነግርሽ አረፈድኩ። ስወርድ ግን ግማሹን ረሳሁት፤ ስለዚህ ይኸው በወረቀት ያዝኩት።

በኪሴ ሌላ ወረቀት አለ። እሱ ለራዲዮ ጣቢያው አለቃሽ የተጻፈ ነው፤ የደጋፊ ማኅበሩ ማኅተም አርፎበታል። ይሄኛው ያንቺ ነው፤ ማኅተም የለውም።

የእግር ኳስ ቡድናችን ሮሃ ከተማ ወደ ላይኛው ሊግ ያለፈ ዕለት አንቺ እዚህ አልነበርሽም። አስጎብኚው ደሴ፣ ያው የምታውቂው ደሴ፣ ቱሪስት ከጠፋ ጀምሮ ያላወጣውን የአስጎብኚነት ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተማውን ሲዞር ዋለ። “ደግሞ ምን ልታስጎበኝ ነው?” ሲሉት፣ “እኛን” አለ። እንዲህ ያለ ቀን ነበር። እኔም ከዩኒቨርሲቲ በቱሪዝም ተመርቄ፣ ቱሪስት በሌለበት ከተማ የምቀመጥ ሰው፣ ያን ዕለት ዲግሪዬ ለአንድ ነገር ሊጠቅም ነው ብዬ አሰብኩ። ነገ አውሮፕላኑ ሞልቶ ይመጣል፣ የኛን ልጆች አገር ለማየት ሰው ይሰለፋል ብዬ አልሜ ነበር። አሁንም አልማለሁ፤ ታውቂኛለሽ።

ነገር ግን ውድድሩ ከዚህ ርቆ፣ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ነው የሚካሄደው። ልጆቻችን በደጃችን አንድም ቀን አልተጫወቱም። ጨዋታቸውም በቴሌቪዥን የሚተላለፈው አልፎ አልፎ ነው። ቡድናችንን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የምንወደው፣ በወሬ። ለዚህ ነው እሑድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ዘውገ ሆቴል አዳራሽ የሚሞላው። ፈረንጅ ቁርስ ይበላበት የነበረው አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ አሁንም ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። ራዲዮ ጣቢያችሁ በዲሽ ስለሚገባልን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የጣቢያው ዓርማ ብቻ ቆሞ ይታያል፤ ድምፁ ከኋላው ይመጣል። ያ ሁሉ ሰው ያንን የማይንቀሳቀስ ሥዕል አፍጥጦ ሲያይ ብታዪ ትስቂ ነበር። ደመና ሲበረታ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ያኔ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን።

ማኅበሩንም ያቋቋምነው በምናውቀው ሥርዓት ነው፣ እንደ ጽዋ ማኅበር። ተራው የደረሰ ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ የዘገየ ይቀጣል። ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ጋሽ ዘውገ ናቸው፤ ጸሐፊው እኔ። መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ከገነተ ማርያም በእግራቸው እየመጡ ይባርኩልናል። “እኔ የመጣሁት ለዳቦው ነው፣ ኳሱ የናንተ ነው” ይላሉ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን ሲባል ግን መጀመሪያ መቋሚያቸው ነው ወለሉን የሚመታው።

እና ያ የመጀመሪያው እሑድ መጣ። የስፖርት ዝግጅቱ መሪ ከእንግዲህ በየሳምንቱ የአሥራ ስድስቱን ቡድኖች ብርታት እንመዝናለን አለ። ነጥብ የሚቆጥረው ሰንጠረዥ ሌላ፣ ይሄ ሌላ መሆኑን አስረዳ፤ ማን ስንት ነጥብ ሰበሰበ ሳይሆን፣ ማን ዛሬ ብርቱ ነው፣ ማን ዛሬ ደክሟል የሚለውን የሚያይ ሚዛን ነው አለ። ቀጥሎ፣ የሳምንቱን ሚዛን የምታቀርብልን ፅናት አረጋ ናት ሲል አዳራሹ ከወንበሩ ተነሣ። እናትሽ እንደወትሮው ሆቴሉ በር ላይ ጥልፋቸውንና መስቀላቸውን ዘርግተው ይሸጡ ነበር፤ ስምሽን ሲሰሙ እልልታቸውን ለቀቁትና ገብተው መስኮቱ ሥር ካለው ድምፅ ማጉያ አጠገብ ተቀመጡ፤ እሑድ እሑድ ቦታቸው እሱ ሆነ። ደሴ እጁን እያፋተገ ሚዛኑን የኛ ልጅ ያዘችው፣ ነገሩ አለቀ፣ አንደኛ ነን አለ።

አንቺም ጉሮሮሽን ጠርገሽ፣ “ከታች ልጀምር” አልሽ። “አሥራ ስድስተኛ፣ ሮሃ ከተማ።”

ከዚያ በኋላ ያልሽውን አልሰማንም። ጩኸቱ ዋጠው።

“ይቺ የይማርሽ ልጅ ናት ወይስ ስሟን የወሰደች?” አለ ደሴ እናትሽን በስማቸው ጠርቶ። በነጥብ አሥራ አንደኛ ነበርን፤ ታዲያ አምስት ቡድን በራሳችን ላይ ያሳለፈችው በየት በር ነው ተባለ። ጋሽ ዘውገ ረጋ ብለው ለአገሯ አዳላች እንዳይሏት ፈርታ ነው፣ ሐሜትን ሽሽት እኛን ሸጠችን አሉ። አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ባል አግብታ የባሏን ቡድን ልታነሣ ይሆናል አለ። ይህን የተናገረውን ሰው ስም አልነግርሽም፤ የያዝኩትን ዳቦ ግን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

እኔ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የሰማሁት የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ነው። እኔ የምጽፈው፣ አንቺ የምታነቢው፤ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ፣ በዚያ ሲጮህ ጆሮ በሚያሳክክ ማይክራፎን። የክፍሎቹን ቡድኖች በደረጃ ስታነቢ የራሳችንን ክፍል መጨረሻ አደረግሽው። አንድ ቦታ እንኳ ከፍ እናድርገው ብዬ ስለምንሽ፣ “ታዲያ የሚቀጥለው ሳምንት አንደኛ ነን ብዬ ሳነብ ማን ያምነኛል?” አልሽኝ። ክፍሉ በሙሉ አኮረፈሽ። ከእኔ ጋር ብቻ ነበር ከትምህርት በኋላ የምትሄጂው፤ እኔም ኩርፊያቸው ባላለቀ እያልኩ እመኝ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ከመንገዱ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ደመናውን በደረጃ ታስቀምጪው ነበር። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የምትመጣዋን ነጯን ሁልጊዜ አንደኛ ታደርጊያታለሽ። አንድ ቀን እሷው ዝናብ ሆና መጥታ ደብተራችንን አበሰበሰችው፤ በማግስቱ ያለ ምንም ይግባኝ አወረድሻት።

ስለዚህ ለአዳራሹ ልጅቷ ዱሮም እንዲህ ናት አልኳቸው። አንተ ደግሞ የሷ ጠበቃ ሲሉኝ የማኅበሩን መዝገብ ገልጬ የዳቦውን ሒሳብ መጻፍ ጀመርኩ።

ስልኩ በሚሠራበት ሰሞን ደሴ በየሳምንቱ ወደ ጣቢያችሁ ይደውል ነበር። አንድ እሑድ መስመሩ ገባለት። ታስታውሺያለሽ፣ እንደ ልማዱ በሦስት ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ ጀመረ። “እህቴ ፅናት፣ እኛ አለቱን ከላይ ወደ ታች ፈልፍለው ለእግዜር ቤት ካወጡለት ሰዎች የተወለድን ነን። ወደ ታች መውረድ አያስፈራንም፤ ግን የወረደ ሰው ሥራ ይዞ ነው የሚወርደው። አንቺ ዝም ብለሽ ነው ጉድጓድ ውስጥ የተውሽን።” አዳራሹ አጨበጨበለት። አንቺ ሳቅሽ። ሳቅሽ በዲሹ ዞሮ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ በዚያ ዓርማ ጀርባ መጣ። እነሱ ናቀችን ብለው ተናደዱ። እኔ ሳቁን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለሳምንት በቃኝ።

ከዚያ ቡድናችን መሸነፍ ጀመረ። በላይ በላዩ ተሸነፍን፤ በነጥቡም ወደ መጨረሻው ወረድን። ልጅቷ ትክክል ነበረች ያለ ግን አልነበረም። ሟርቷ ነው ተባለ። “አሥራ ስድስተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ እያለች ጠራችብን” አሉ፤ የታመመ ሰው ፊት ሞትን እንደጠራ ሰው ቆጠሩሽ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ቀልድነቱ ቀረ። ለእናትሽ ስም አወጡላቸው፤ “እትዬ አሥራ ስድስት”። ከእሳቸው ነጠላ ይገዛ የነበረ ሰው ማዶ ለማዶ ማለፍ ጀመረ። እናትሽን ግን ታውቂያቸዋለሽ። ከፊታቸው የተሰበሰቡትን ቀና ብለው አይተው፣ “እናንተ ሚዛን የምታውቁት በርበሬ ስትገዙ ነው፤ እሱንም ጣታችሁን አስደግፋችሁ” አሉ።

ያን ቀን ደሴ የአዳራሹን በር ዘጋው። የሚዛኗ እናት ውጭ ሆና ትስማ አለ። ማንም አልከፈተውም። እናትሽ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ሥር ዞሩ፤ በመስታወቱ በኩል የነጠላቸው ጥለት ብቻ ይታየኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ነው ኔትወርኩ የጠፋው። ከዚያ ወዲህ እናትሽ ድምፅሽን የሚሰሙት እሑድ፣ በዚያች ሰዓት፣ በመስኮቱ ብቻ ነበር።

ማኅበሩ ደግሞ ያቺኑ ሰዓት ሊያሳጣቸው ተስማማ። ሚዛኑ ከእሷ እጅ ይውጣልን ብሎ ለጣቢያው እንዲጻፍ ተወሰነ። የሚጽፈው ጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊው ማለት እኔ።

ገና በሙከራ ጊዜ ላይ መሆንሽን እናትሽ ነግረውኝ ነበር። ማኅተም ያለው የደጋፊ አቤቱታ አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ምሩቅ መሆን አያስፈልግም። የማኅተሙ ቀለም ደርቋል አልኩ። ቀለም መጣ። ቃሉን ላሳምረው አልኩ። መቼም ቢሆን የምጽፈው አልነበረም፤ ግን አልጽፍም ለማለትም አፌ አልተከፈተም። እነሱ እኮ ክፉዎች አይደሉም፣ ፅናት። እንግዳ ሲጠፋባቸው፣ መንገድ ሲዘጋባቸው፣ ልጅ ሲሰደድባቸው ያላለቀሱት ሰዎች በአንድ ቁጥር ያለቅሳሉ። በሌላው ሁሉ ማንን እንደሚከሱ አያውቁም፤ በቁጥሩ ግን አንቺን ያውቃሉ።

ያለፈው እሑድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ድምፁም እንደ ውኃ ይወርዳል። የሚዛኑ ሰዓት ሲደርስ ግን የመጣው ያንቺ ድምፅ አይደለም። አንድ ጎርናና ሰው ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ “ከአንደኛው እንጀምር” አለ።

ደሴ ተነሥቶ አጨበጨበ። ተነሣች ማለት ነው፣ ሳንጽፍም ተሰማን አለ። ሰውየው ማንበቡን ቀጠለ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ እያንዳንዱን እያሞገሰ፣ ስለ አሠልጣኙ፣ ስለ አጥቂው፣ ስለ አዲሱ ማልያ እየተረከ። እኛ ዳቦ እንደያዝን ወደ ታች አብረነው እንወርዳለን። ዘጠነኛ አይደለንም። አሥረኛም አይደለንም። ነገሩ ገብቶን ነበር፤ መጨረሻ ነን፤ ቢሆንም ጠበቅን። አሥራ ሦስተኛውን አንብቦ፣ “ሰዓታችን አልቋል” አለ። “የተቀሩት ቡድኖች ባሉበት ናቸው። መልካም ሳምንት።”

የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

አሥራ ስድስተኛ ተብለን ወንበር የሰበርን ሰዎች፣ ምንም ሳንባል ስንቀር ድምፅ አጣን። ደሴ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዶ ከዓርማው ፊት ቆመና ቀስ ብሎ፣ “እኛስ?” አለው። እንደ ሰው ነው የጠየቀው። ጋሽ ዘውገ ዓይናቸውን ከነጭ ወንበሮቹ ሳያነሡ፣ ያኔ መንገዱ ሲዘጋም የተባልነው ይህንኑ ነው፣ ባላችሁበት ቆዩ ነው የተባልነው አሉ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። እናትሽ ገቡ። ያ በር ከተዘጋባቸው ወዲህ የመጀመሪያ መግባታቸው ነው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ አላነሡትም።

“ልጄን የት አደረሳችኋት?” አሉ።

ደሴ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረ። ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሳምንት ለጣቢያው ብቻውን ደውሎ፣ እሷ እስካለች ላሊበላ አንድ ሰው አይሰማችሁም እንዳላቸው ያኔ ነው ያወጣው። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ደውሎ የሚያጣራበት ስልክ ግን አልነበረም።

መምሬ ሰይፈ ሥላሴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ቁጣ አልነበረባቸውም። “በማኅበር ሥርዓት ስም ሲጠራ ቅጣት ያለበት፣ ተራውን ያላወጣ፣ የተኳረፈም መጨረሻ ይጠራል እንጂ አይዘለልም” አሉ። “የሞተውን እንኳ በጸሎት እንጠራዋለን። እኛ መጨረሻ ተጠራን ብለን የጠሪዋን አፍ ልንዘጋ ነበር። ይኸው ተዘለልን። በል ጸሐፊ፣ ሳይነበብ የቀረውን አንብብ።”

ተነሣሁ። ምንም ወረቀት አልያዝኩም፤ ያለፈው ሳምንት ሚዛንሽ ግን በቃሌ ነበር። አሥራ አራተኛውን አልኩ፤ አሥራ አምስተኛውን አልኩ። “አሥራ ስድስተኛ፣ ሮሃ ከተማ” ብዬ ልቀመጥ ስል እናትሽ ቀደሙኝ። “እንዲህ አይደለም የምታነበው።”

ከዚያ እናትሽ፣ ወረቀት ይዘው የማያውቁት እናትሽ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙና ያንን የራዲዮ አማርኛሽን፣ ያንን እያንዳንዱን ቃል እንደ ብርጭቆ ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ድምፅሽን፣ አንድ ሳይስቱ አወጡት።

“አሥራ ስድስተኛ፣ ሮሃ ከተማ። ከላስታ ተራሮች የመጡት። በዚህ ሳምንትም ተሸንፈዋል፤ ግን መብራቱ እስኪጠፋ የሚሮጡ እነሱ ብቻ ናቸው። የጎደላቸው ጉልበት አይደለም፤ ከኋላቸው የሚጮህላቸው ሰው ነው። ደጋፊዎቻቸው ሩቅ ናቸው። የምትሰሙኝ ከሆነ፣ ይሰሟችኋል።”



ገባሽ፣ ፅናት? እኛ ይህን ሰምተነው አናውቅም። በየሳምንቱ አሥራ ስድስተኛ ስትይ ጩኸታችን ይነሣል፤ ቀጥሎ ስለ እኛ ያልሽው ሁሉ ከጩኸቱ ሥር ይቀበራል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው። በር ዘግተን ያስወጣናቸው እናትሽ ብቻ እስከ መጨረሻው ሲሰሙሽ ከርመዋል።

“ከዚያ በፊት ባለውስ ሳምንት ምን አለች?” አለ አንድ ሰው፣ በልመና ድምፅ። እናትሽ እሱንም አሉት። በረኛው ዘመኑ ብቻውን ቤቱን እንደተሸከመ ምሰሶ ነው፣ አግዙት ያልሽውን። ከዚያም የፊተኛውን። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ እስከዚያ መጀመሪያው እሑድ ድረስ፤ “ከታች የምጀምረው የማውቃቸው እዚያ ስላሉ ነው” እስካልሽው ድረስ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ በነጮቹ ወንበሮች ላይ ወርቅ ትደፋ ነበር፤ እኔ የት እንዳለሁ ጠፍቶኝ ነበር። ድንጋዩ ላይ የተቀመጥን፣ አንቺ ደመናውን የምትጠሪ፣ እኔ የማዳምጥ መሰለኝ። ሰዓቱ እንደዚያው ቢቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ደሴ እናትሽ እግር ሥር ወደቀ። እናትሽ ቶሎ አላነሡትም፤ ይህንንም ልንገርሽ። ትንሽ አቆዩት። ከዚያ፣ “ተነሣ፤ እኔ ታቦት አይደለሁም” አሉት። “በሥርዓታችሁ ያጠፋ ሰው ይቀጣል አይደል? ቅጣታችሁ ይኼ ነው። ከእንግዲህ አሥራ ስድስተኛ ሲባል አፋችሁን ዘግታችሁ እስከ መጨረሻው ትሰማላችሁ።” ጋሽ ዘውገ በሙሴነታቸው ቅጣቱን አጸደቁት። ደሴ ባይሆን መጮህ ይፈቀድልን፣ ከሰማን በኋላ ብሎ ተከራከረ፤ እሱ ተፈቀደለት።

በማግስቱ ሳሊሕ መጣ፤ ከጎረቤት ከተማ ከፍላቂት የሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር። እነሱም ጋ ገብስ ገበያው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ይሰማሉ። “ወላሂ፣ ባሉበት ናቸው ሲባል ሰዉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዞረው፤ የተበላሸ መስሎት” አለን። ስቀን ስቀን ስናበቃ፣ ወልድያ ድረስ እንዲያደርሰኝ ጠየቅኩት።

ማኅበሩ እንድሄድ ወስኗልና። ለአለቃሽ የሚሰጠውን ወረቀት እኔ ጽፌዋለሁ፤ ቀለሙም አልደረቀም። የምንለው አጭር ነው። ሮሃ ከተማ ባለበት ደረጃ ይቀመጥ፤ አንከራከርም። ሚዛኑ ከታች ወደ ላይ ይነበብ። የምታነበውም ፅናት አረጋ ትሁን። ደሴ በራሱ እጅ፣ ቀድሞ በስልክ ያልኩትን ሽሬዋለሁ ብሎ ከግርጌው ፈርሟል።

እናትሽ ደግሞ ለብቻዬ ጠርተው ያሉኝ ሌላ ነው። “ሂድና ድምፅዋን ስማልኝ። ሥራዋ ላይ ካለች ‘እናትሽ ሰምታሻለች’ በላት፤ ሌላ ምንም አትጨምር። ሥራዋን ካስጣልናት ግን ዝም ብለህ አትመለስ።” ከዚያ እያዩኝ ቆዩና፣ “አንተም የምትለው ካለህ በል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ልታረጅ ነው?” አሉኝ። ያን ድንጋይ እንደሚያውቁት አላውቅም ነበር።

ተመርቄ ከመጣሁ ጀምሮ እግሬ መንገድ መንገድ ይለኛል። በየጠዋቱ ዛሬ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን ለራሴም አልነግረውም ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ልፈልግ ነው እላለሁ፣ ሁለተኛ ዲግሪ እላለሁ፤ ሁሉም መንገድ ዞሮ አንቺ ጋ ይደርሳል። በሰው ፊት ያልተከራከርኩልሽ ናቀችኝ ብዬ አይደለም። አንድ ቃል ከወጣኝ ሌላውም ተከትሎ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን ይውጣ። እወድሻለሁ፣ ፅናት። ለልደት በዓል መመለስ አለብኝ፤ ዘንድሮ እንግዳ ይመጣል የሚል ተስፋ አለኝ፤ ደሴም ባጁን አጥቦታል። ብቻዬን እመለስ ወይም አብረን እንመለስ፣ ወይም እኔ እዚያው ልቅር፣ ይህን ያንቺን ቃል ሳልሰማ አልወስንም።

ይህን ደብዳቤ በጣቢያችሁ ጥበቃ በኩል አስገባልሻለሁ። እኔ ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ። አሞሽ ብቻ ቀርተሽ ከነበረ እንስቃለን፤ ለእናትሽም ሳቅሽን ይዤ እሄዳለሁ። አስወጥተውሽም ከሆነ የማኅበሩን ወረቀት ይዤ አብሬሽ ወደ አለቃሽ እገባለሁ፤ ባይሰማንም ከነማኅተማችን ደጁ ላይ እንቀመጣለን። እኔን ማየት ካልፈለግሽ ደግሞ ለጥበቃው አንድ ቃል ንገሪው፤ ለእናትሽ የምወስደው ይሆነኛል፤ አልቀየምሽም።

ብትወጪ ግን እባክሽ ቀስ ብለሽ ነይ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፅሽን ብቻ ስሰማ ከርሜ አካሄድሽን ረስቼዋለሁ፤ ከበሩ እስከ እኔ ድረስ እያየሁሽ ትመጪ ዘንድ እፈልጋለሁ።

ከመንገዱ ማዶ፣
ኪዳን